የሙሮሙን ኢሊያ እሳት ዳር ለምትተርኩ

ይህን ተረት ያገኘሁት ከአጎቴ ነው። በደርግ ጊዜ ሞስኮ ተምሮ ደብረ ብርሃን ሲመለስ አንድ ወፍራም ካፖርትና የሩሲያውን የተረት ጀግና ኢሊያን ይዞ መጣ። ካፖርቱ አልቋል። ኢሊያን ግን ዛሬም ብርዱ ሲጠና፣ መብራት ሲጠፋ፣ ለወንድሜ ልጆች እተርካለሁ። ብዙ ጊዜ አበላሽቼዋለሁ። እናንተ እንዳታበላሹት ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስሙን አቅርቡላቸው። ኢሊያ በእኛ ኤልያስ ነው። ሙሮሜትስ የሚባለው የሙሮም ሰው ስለሆነ ነው። ሙሮም ኦካ በሚባል ወንዝ ዳር ያለች የሩሲያ ከተማ ናት፤ እሱ የተወለደው እዚያው አጠገብ፣ ካራቻሮቮ በምትባል መንደር ነው። የገበሬ ልጅ። "ኤልያስ ዘሙሮም" ብላችሁ ከጀመራችሁ አያቶችም ጆሮ ይሰጧችኋል።

ከዚያ ወደ ውጊያው አትሩጡ። እኔ መጀመሪያ ቀን በሽፍታው ጀምሬ ልጆቹ ግማሽ ላይ ተኙብኝ። ተረቱ ያለው መቀመጡ ላይ ነው። ኢሊያ እስከ 33 ዓመቱ አልተራመደም። ምድጃ ላይ ተቀምጦ ኖረ። እዚህ ጋ ቆም በሉና ምድጃውን አስረዱ። ሳላስረዳ ያለፍኩ ለታ ትንሿ ልጅ "አልተቃጠለም?" እያለች ስትነዘንዘኝ አመሸች። የሩሲያ ምድጃ እንደኛ ሦስት ጉልቻ አይደለም። በጡብ የተሠራ፣ ቤቱን የሚያጣብብ ትልቅ ነገር ነው። እሳቱ ሆዱ ውስጥ ይነዳል፣ ጀርባው ላይ ሰው ይተኛል። "ከሥሩ እሳት ያለው መደብ" በሏቸው። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ልጅ ወዲያው ይገባዋል፤ ባና ለብሶ እዚያ ላይ መጋደምም ያምረዋል።

መቀመጡን አርዝሙት። እናትና አባቱ ለሥራ ሲወጡ እሱ ብቻውን ይቀራል። ዓምና ትልቁ ልጅ ከፈረስ ወድቆ እግሩ በጀሶ ታስሮ ነበር። እዚህ ቦታ ስደርስ ሁሉም ዞረው አዩት። "እኔም 33 ዓመት ልቀመጥ ነው?" አለኝ። "አንተ የተባልከው ስድስት ሳምንት ነው" አልኩት። እንዲህ ያለ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ፣ የሚቀጥለውን ክፍል ለእሱ ቃል እንደምትገቡ አድርጋችሁ አታውሩት።

የሚቀጥለው እንዲህ ነው። የእግዜር እንግዶች ይመጣሉ፣ ተሳላሚዎች። "አጠጣን" ይሉታል። "መነሳት አልችልም።" "ተነስና ቅዳልን።" ይነሳል። ከዚያ መልሰው እሱኑ ያጠጡታል። አንዱ ተራኪ ውሃ ይላል፣ ሌላው ቢራ፣ ሌላው የማር መጠጥ። እኔ ብርዝ አደርገዋለሁ። ኩባያ ያዙ፤ እሱ ሲጠጣ እናንተም ጠጡ። ጉልበቱ ልክ ሲያልፍና ምድርን ልገልብጥ ሲል እንደገና ያጠጡትና ግማሹን ይቀንሱበታል። ልጆች ይህን መቀነስ አይወዱትም። ይከራከሩበት፣ አትቸኩሉ። እንግዶቹ "በጦር ሜዳ ሞት አልተጻፈብህም" ብለውት ይሄዳሉ።

በአዲሱ ጉልበቱ መጀመሪያ የሠራው ወላጆቹ የሚመነጥሩትን ዱር ማጽዳት ነው። ዛፉን ከነሥሩ እየነቀለ ኦካ ውስጥ ይጥለዋል። አባቴ እዚህ ላይ ሁልጊዜ "ጎሽ!" ይላል። ለውጊያው አንድም ቀን ብሎ አያውቅም።

አሁን ሽፍታው። ኢሊያ በፈረስ ወደ ኪየቭ ሲጓዝ ያገኘዋል። ስሙ ሶሎቬይ ነው፤ ሶሎቬይ ሌሊት የምትዘምር ትንሽ ወፍ ናት። ይህ ግን ትልልቅ ዛፎች ላይ ጎጆ ሠርቶ፣ ወደ ኪየቭ የሚወስደውን ቀጥተኛ መንገድ 30 ዓመት የዘጋ ነው። መሣሪያው ፉጨት ነው። ሲያፏጭ ዛፍ ይጎነበሳል፣ ሰው ወድቆ ይሞታል። መንገዱን እኔ በጣርማበር አስመስለዋለሁ፣ ጉም ወርዶ ከፊት ያለው በማይታይበት ቀን። የኢሊያ ፈረስ እንኳ ይሰናከላል። ኢሊያ ፈረሱን "የተኩላ ቀለብ!" ብሎ ይሰድበዋል። እኔ "የጅብ እራት!" እለዋለሁ፣ ልጆቹ በሳቅ ይፈነዳሉ። ከዚያ የሽፍታውን ቀኝ ዓይን በቀስት ብሎ፣ ከእርካቡ አስሮት ይሄዳል።

ፉጨቱ ላይ ግን ችግር አለ። በእኛ ቤት ማታ ማፏጨት ሰይጣን ይጠራል። አንድ ማታ አሳምሬ ባፏጭ እናቴ ከጓዳ ማማሰያ ይዛ ወጣችብኝ። ከዚያ ወዲህ በፉጨት ፈንታ ኩራዙን እፍ ብዬ አጠፋዋለሁ። እንዲያውም ይሻላል።

ኪየቭ ሲደርሱ ልዑል ቭላዲሚር ፉጨቱን ካልሰማሁ ይላል። ኢሊያ "በግማሽ ትንፋሽ" ብሎ ያዛል፤ ሽፍታው በሙሉ ያፏጫል። መኳንንቱ ይዘረራሉ። ኢሊያ ሜዳ አውጥቶ አንገቱን ይቆርጠዋል። ይህችን በአንድ ትንፋሽ እለፏት፣ ልጆቹ ሊተኙ ነው።

ፉከራ አትጨምሩበት። ሞክሬዋለሁ፣ አይሆንም። የሩሲያ ገበሬዎች ይህን ቀስ ብለው ነበር የሚያዜሙት፤ ለእኔ ጆሮ ለበገና ይቀርባል።

ከፍ ላሉ ልጆች ጠቡን ተርኩ። ልዑሉ ድግስ ደግሶ ኢሊያን ሳይጠራው ይቀራል። ኢሊያ የወርቁን ጉልላት በቀስት ያወርድና ከመጠጥ ቤት ድሆች ጋር ይጠጣበታል። በሌላው ተረት ደግሞ ልዑሉ ምድር ቤት ያስረዋል። ካሊን የሚባል የጠላት ንጉሥ ጦር ከተማዋን ሲከብ ኢሊያ ወጥቶ ይዋጋል፤ ለልዑሉ ብሎ ሳይሆን ለመበለቶችና ለድሃ አደጎች። አጎቴ እዚህ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ያኔ ምክንያቱ አልገባኝም።

መጨረሻውን ስትጠየቁ፣ የእሱ ነው የሚባለው ዐፅም ኪየቭ፣ የዋሻው ገዳም ውስጥ እንዳለ ንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1643 ከቅዱሳን ተቆጥሯል። እ.ኤ.አ. በ1988 ዐፅሙ ሲመረመር ቁመቱ 177 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆነ፤ አከርካሪው ላይም የበሽታ ምልክት ተገኘ። ዓምና ይህን ስናገር ልጆቹ "አባባን ነዋ የሚያክለው!" ብለው አኮረፉ። ባለ ጀሶው ግን ቁመቱን አልሰማም።

"የምር ታሞ ነበር ማለት ነው?" አለኝ።

"ሳይሆን አይቀርም" አልኩት።

ያን ማታ ኩራዙን እሱ እፍ አለው።