ስለ ከተማ ባቡርና ስለ ግል መኪና ስንከራከር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የተዘረጋች የሰሜን ሸዋ ዋና ከተማ ናት። አብዛኛው ነዋሪዋ ለረጅም ዘመን ወደ ገበያም ወደ ሥራም የሚሄደው በእግሩ ወይም በፈረስ ጋሪ ነበር። ዩኒቨርሲቲው፣ ፋብሪካዎቹና በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከመጡ ወዲህ ግን ከተማዋ እየሰፋች፣ የሥራ ቦታና መኖሪያም እየተራራቁ ሄደዋል። ስለዚህ የትራንስፖርት ነገር በተነሳ ቁጥር አንዱ ወገን «እንደ አዲስ አበባ ባቡር ይግባልን» ሲል፣ ሌላው «መንገዱ ይስፋ፣ አቅም ያለውም መኪና ይግዛ» ይላል። ሁለቱም ወገኖች ለከተማዋ በጎ እንደሚያስቡ አልጠራጠርም፤ ይሁንና ክርክሩ ብዙ ጊዜ ከተሳሳተ መነሻ ይጀምራል።

ሰውን ትቶ ተሽከርካሪን መቁጠር

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ሌሎቹም ከዚሁ ይመነጫሉ። አንድ መንገድ ሥራውን ሠራ የሚባለው በሰዓት ስንት መኪና ስላለፈበት ሳይሆን ስንት ሰው ስላሻገረ ነው። በታኅሣሥ ውርጭ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በዋናው መንገድ ዳር ታክሲ የሚጠብቁትን የፋብሪካ ሠራተኞች እንመልከት። አንድ ሚኒባስ ትርፍ ሳይጭን 12 ተሳፋሪ ይወስዳል፤ ከፊትና ከኋላ የሚተወው ክፍተት ታክሎም የሚይዘው የመንገድ ርዝመት 7 ሜትር ገደማ ነው። እነዚሁ 12 ሰዎች በቤት መኪና ቢሄዱ፣ በአንዱ መኪና አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ስለሚሳፈር፣ ስምንት ያህል መኪና ያስፈልጋቸዋል፤ ስምንቱ ተከታትለው ሲቆሙም ከ50 ሜትር በላይ መንገድ ይሸፍናሉ። ሰዎቹ ያው 12 ናቸው፤ የተያዘው ቦታ ግን ሰባት እጥፍ ሆነ።

የአሜሪካ ከተሞች የትራንስፖርት ባለሥልጣናት ማኅበር መመሪያም ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል። አንድ የመንገድ መስመር ለቤት መኪና ብቻ ሲሆን በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው፣ ለአውቶቡስ ብቻ ሲከለል ከ4,000 እስከ 8,000 ሰው፣ ባቡር ወይም ተከታታይ አውቶቡስ የሚመላለስበት ራሱን የቻለ መስመር ሲሆን ደግሞ ከ10,000 እስከ 25,000 ሰው ያሳልፋል። ደህና የእግረኛ መንገድም ወደ 9,000 የሚጠጋ ሰው ያስተናግዳል። የመጨረሻው ቁጥር ልብ ሊባል ይገባል፤ እኛ ከተማ ውስጥ ከሁሉም ቀድሞ የሚረሳው እግረኛው ነውና።

መንገዱ ሲሰፋ መጨናነቁ ይቀራል ብሎ ማመን

አንቶኒ ዳውንስ የተባሉ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1962 እንዳመለከቱት፣ በከተማ ውስጥ ፈጣን መንገድ ሲሰፋ ቀድሞ በሌላ መንገድ፣ በሌላ ሰዓት ወይም በሕዝብ ትራንስፖርት ይሄድ የነበረው ሰው ወደዚያው ይጎርፍና መንገዱ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ተመልሶ ይሞላል። በሂውስተን ከተማ አንድ አውራ ጎዳና በአንዳንድ ቦታው እስከ 26 መስመር ድረስ ተስፋፍቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ተጠናቀቀ፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ግን የጉዞው ጊዜ እንደገና ረዘመ። በደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨመራል፤ የከተማዋ ዋና ጎዳና ራሱ የአዲስ አበባና የደሴ አገር አቋራጭ መንገድ በመሆኑ ከባድ የጭነት መኪና ከባጃጅና ከጋሪ ጋር እየተጋፋ ያልፍበታል። ያ መንገድ ያለ እግረኛ ማቋረጫና ያለ አካፋይ ቢሰፋ ፍጥነት ይጨምራል፤ ተማሪዎችና አረጋውያን ደግሞ ለመሻገር ይቸገራሉ።

የኤሌክትሪክ መኪና ችግሩን ይፈታዋል ማለት

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ለአየር ንጽሕናና ለውጭ ምንዛሪ ይጠቅማል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪናም እንደ ነዳጁ ያንኑ መንገድ ይይዛል፤ ሲቆምም መዞሪያው ታስቦ እስከ 30 ካሬ ሜትር የሚደርስ ቦታ ይፈልጋል።

ባቡርን በምረቃው ቀን መመዘን

ይህ የባቡር ወዳጆች ስህተት ነው፤ እኔም ባቡርን የምደግፍ በመሆኔ አጥብቄ እናገረዋለሁ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በሁለት መስመር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ፣ 39 ጣቢያና 41 ባቡሮች ነበሩት። ግንባታው 475 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ ሲሆን አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። ከ2 እስከ 6 ብር በነበረው ታሪፍ እጅግ ብዙ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ተጠቅሞበታል፤ ይህ መቼም ሊካድ አይገባም። ነገር ግን ያ ታሪፍ የሥራ ማስኬጃውን ወጪ የሚሸፍን አልነበረም፤ መለዋወጫውም በውጭ ምንዛሪ ከውጭ የሚገዛ ስለሆነ ከባቡሮቹ ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆሙ። የባቡሮቹ ቁጥር ሲያንስ የጥበቃው ጊዜ ይረዝማል፤ የመጣውም ባቡር ከመጠን በላይ ይጨናነቃል፤ በዚህ የተማረረ ተሳፋሪ ወደ ታክሲ ወረፋ ይመለሳል። በብዙ ቦታ ሐዲዱ በመሬት ላይ ታጥሮ ማለፉም የግራውንና የቀኙን ሰፈር ለያይቶ እግረኛውን ሩቅ ዙሪያ እንዲሄድ አስገድዶታል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት «ባቡር አይሠራም» የሚል አይደለም። የጥገናው በጀት፣ የመለዋወጫው አቅርቦት፣ የባለሙያው ሥልጠናና የእግረኛው መሻገሪያ ከሐዲዱ ጋር አብረው ካልታቀዱ ሐዲዱ ብቻውን ትራንስፖርት አይሆንም።

የከተማን ባቡር ከአገር አቋራጭ ባቡር ጋር ማምታታት

«የወልዲያው ባቡር ሲጀምር እኛም እንገላገላለን» የሚሉ አሉ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ወልዲያ ሐራ ገበያ የተዘረጋው ሐዲድ ግን ደጋ ላይ ያለችውን ደብረ ብርሃንን ሳይነካ ቆላ ቆላውን የሚሄድ ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ እጅግ በአነስተኛ ጉልበት ይንከባለላል፤ በዚያው መጠን ግን ዳገት ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ እንደ ጣርማበር ያለ አቀበት ለጭነት ባቡር አይመችም። ያም ሆነ ይህ፣ የአገር አቋራጭ ባቡር የፋብሪካ ሠራተኛውን ጠዋት ከቤቱ አያነሳውም።

ከአውቶቡስ በፊት ሐዲድ መመኘት፣ መሬቱንም አለማስቀረት

ኩሪቲባ የተባለችው የብራዚል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1974 የጀመረችው በአውቶቡስ ነው፤ አውቶቡሱን ግን ከሌላው ተሽከርካሪ የተለየ መስመር ሰጠችው። ዳሬሰላምም እ.ኤ.አ. በ2016 ተመሳሳይ አገልግሎት ጀምራለች። ለደብረ ብርሃን መጠን ላላት ከተማ የሚመጥነው ቅደም ተከተልም ይኸው ነው፤ አስቀድሞ የእግረኛ መንገድ፣ ቀጥሎ ሰዓቱን የሚያከብርና የፋብሪካውን ፈረቃ የሚከተል የከተማ አውቶቡስ፣ ቆይቶም ተሳፋሪው ሲበዛ ሐዲድ። ባጃጁም ከውስጥ ሰፈር ወደ ፌርማታው የሚያደርስ መጋቢ ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል።

ይህ እንዲሳካ ግን ሊዘገይ የማይገባው አንድ ነገር አለ። ባለ ሁለት ሐዲድ ቀላል ባቡር ከ7 እስከ 8 ሜትር የሚሆን ስፋት ይበቃዋል፤ ለደርሶ መልስ የአውቶቡስ መስመርም የሚያስፈልገው ከዚያው ጋር ተቀራራቢ ነው። ዛሬ ለአውቶቡስ የተከለለ ቦታ ነገ ሐዲድ ሊገባበት ይችላል ማለት ነው። በአዲሶቹ የማስፋፊያ ሰፈሮች መሬቱ ለሊዝ ጨረታ ከወጣና ሕንፃ ከቆመበት በኋላ ግን ያንን ስፋት ለማግኘት ማፍረስና ካሳ መክፈል ይመጣል። የከተማው መዋቅራዊ ፕላን ለሕዝብ ውይይት ሲቀርብ ነዋሪው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ በዋና ዋናዎቹ መንገዶች መካከል ለሕዝብ ትራንስፖርት የተተወው ስፋት ስንት ሜትር ነው? የእግረኛ መንገዱስ? እስኪሠራበት ድረስ ቦታውን ማን ይጠብቀዋል?