አብዮቶች ባርነትን ምን እንዳደረጉት እንዴት እናስተምር? ለሰሜን ሸዋ የታሪክ መምህራን

ስለ ባርነት ስናስተምር አዘውትረን የምንፈጽመው ስሕተት፣ የፖለቲካ አብዮት ነፃነትን፣ የኢንዱስትሪ አብዮት ደግሞ ማሽንን ስላመጣ ባርነት በራሱ ጊዜ ከሰመ ብሎ ማለፍ ነው። ነገሩ እንዲህ ስላልነበረ፣ ትምህርቱን ከአዋጅ ሳይሆን ከጥጥ መጀመር ይሻላል።

ከቆላው ገበያ ፍሬው ያልወጣለት ጥጥ ገዝታችሁ ለተማሪዎች አከፋፍሉና ፍሬውን ለአሥር ደቂቃ በጣታቸው ይለዩ። እናቶቻችን ሲዳምጡ የሚደክሙትን ድካም እጃቸው ካወቀው በኋላ፣ ኤሊ ዊትኒ እ.ኤ.አ. በ1793 ስለ ሠራው የጥጥ መዳመጫ ንገሯቸው። መሣሪያው ፍሬ መለየቱን አቀለለ እንጂ ጥጡን አልዘራም፣ ከማሳው ላይም አልለቀመም፤ ስለዚህ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ብዙ ጥጥ በፈለጉ ቁጥር በደቡባዊ አሜሪካ ግዛቶች ተጨማሪ መሬትና በግዳጅ የሚሠራ ተጨማሪ ሰው ተፈለገ። በዩናይትድ ስቴትስ በ1790 ወደ 700,000 ይጠጋ የነበረው በባርነት የተያዘ ሕዝብ በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ደረሰ። ሁለቱን ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ፣ ተማሪዎቹ ምክንያቱን ራሳቸው እስኪደርሱበት ታገሡ።

ቀጥሎ «ነፃ ያወጣው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ፈረንሳይ በ1789 ሰዎች ነፃና እኩል ሆነው እንደሚወለዱ ብታውጅም፣ ስኳርና ቡና በሚያመርቱ ቅኝ ግዛቶቿ የነበረውን ባርነት አልነካችም። በነሐሴ 1791 የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በነበረችው በሳን ዶሚንግ (በዛሬዋ ሄይቲ) ባሮቹ ራሳቸው ተነሡ፤ ፓሪስ ባርነትን የሻረችው ከዚያ በኋላ፣ በ1794 ነው። ናፖሊዮን በ1802 ባርነትን ሊመልስ ጦር ቢልክም ተሸነፈ፤ ሄይቲም በ1804 መጀመሪያ ነፃነቷን አወጀች። ለዚህ ክፍል ሰፊ ጊዜ ስጡት፤ የአድዋ ልጆች በቀላሉ ይረዱታልና። ፈረንሳይ በ1825 ከሄይቲ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳ መጠየቋን፣ ብሪታንያም ባርነትን በሻረችበት በ1833ቱ ሕግ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ለባሪያ አሳዳሪዎች እንጂ ለባሮቹ አለመመደቧን ሳትጠቅሱ አትለፉ።

የራሳችንንም ታሪክ አንሸሽገው። በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን በአሊዩ አምባ ገበያ በኩል ወደ ታጁራ ወደብ ከሚወርደው የሲራራ ንግድ ጋር ሰዎችም እየተሸጡ ይሄዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የብሪታንያ መልእክተኞች አንኮበር ሲደርሱ አገራቸው በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን ሽራ ነበር፤ በ1843 ከንጉሡ ጋር የተዋዋለችው ፈረንሳይ ግን ባርነትን ለመጨረሻ ጊዜ የሻረችው በ1848 ነው። በአገራችን ባርነት ሕጋዊነቱን ያጣው በእኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1942) በወጣው አዋጅ ነው። በዚህ ጊዜ አንዱ ተማሪ ሌላውን በመልኩ ወይም በዘሩ እንዳይሰድብ አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ።

በፈተና ላይ «ባርነት መቼ ተወገደ?» ከማለት ይልቅ አንድ አዋጅ ስጧቸውና፣ ከአዋጁ በፊት ማን እንዳመፀ፣ ከአዋጁም በኋላ ካሳው ለማን እንደተከፈለ ይጻፉ።