ማሲንቆና ችክችካ በቤታችሁ ለመቅዳት፦ የትኛው ሶፍትዌር፣ እንዴት ተስተካክሎ?

ደብረ ማርቆስም ሁኑ ሞጣ፣ ፍኖተ ሰላምም ሁኑ ባሕር ዳር፣ እቤት ቁጭ ብላችሁ ዘፈን ወይም መዝሙር መቅዳት ስታስቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» ብላችሁ ነው። ብዙ ሰው መልሱን በስም ይፈልጋል። አዲስ አበባ ያለ ስቱዲዮ እገሌን ይጠቀማል፣ እኔም እሱን ልጫን ይላል። ከዚያ ኮምፒዩተሩ አልችል ይላል፤ ከሰው የተቀበለው ክራክ (ፈቃዱ ተሰብሮ የሚዞር ቅጂ) ቫይረስ ይዞ ይመጣል፤ ወሩ ያልፋል፤ ዘፈኑ ግን አልተቀዳም።

እኔ የምመርጠው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ እጃችሁ ላይ ባለው ኮምፒዩተር ያለችግር ይሂድ። ሁለተኛ ኔትወርክ ሲጠፋ ይሥራ፤ ጎጃም ውስጥ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ሦስተኛ ለእኛ ዜማ አስተካክላችሁ ልታዘጋጁት ይቻል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያነሳውም፣ እኔ ግን ዋናው እሱ ነው እላለሁ። የቀረጻ ሶፍትዌሮች ሲጫኑ በ4/4 (በአራት በአራት በሚቆጠር) ምትና በፒያኖ 12 ድምፆች ተሞልተው ነው የሚመጡት። ችክችካ 4/4 አይደለም። ማሲንቆም የፒያኖ ቁልፍ የለውም። ይህን ሳትነኩ ከጀመራችሁ ሶፍትዌሩ ሳታውቁት ዜማውን ወደራሱ ይጎትተዋል።

እንግዲህ ምርጫው። ማክ ያለው ሰው ጋራዥባንድን በነፃ ያገኛል፣ በሱ ይጀምር፣ ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም። ስልክ ብቻ ያለው ባንድላብን ይሞክር፤ ነፃ ነው፣ ግን ሥራችሁን የሚያስቀምጠው ኢንተርኔት ላይ ስለሆነ ኔትወርክ በሌለበት ሰፈር ብዙ አትተማመኑበት። ኦዳሲቲ ከ2000 ጀምሮ ያለ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ አንድ ድምፅ ለመቅዳት፣ ለመቁረጥ፣ የአያትን ሽለላ ለማስቀረት በጣም ጥሩ ነው፤ ድምፅ በድምፅ ላይ ደርቦ ሙሉ ዘፈን ለመሥራት ግን አድካሚ ይሆናል። ኤፍኤል ስቱዲዮን ወጣቱ ይወደዋል፤ ቢት (የዘፈን ምት) ለመሥራት ሁነኛ ነው። ነፃው የሙከራ ቅጂ ግን ሥራችሁን ሴቭ ያደርግላችኋል እንጂ መልሶ አይከፍትላችሁም። ይህን ሳያውቅ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ሰው ጠዋት ላይ ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅትም።

በአሮጌ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ለሚሠራ ሰው የምመክረው ሪፐርን ነው። መጫኛው ለዊንዶውስ ከ20 ሜጋባይት በታች ስለሆነ በደካማ ኔትወርክም ይወርዳል፣ በፍላሽም ከሰው መቀበል ይቻላል። 4 ጊጋ ራም ባለው ኮምፒዩተር ላይ ጥቂት ትራክ (እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው የሚቀዳበት መስመር) ይዞ ደህና ይሄዳል። ለ60 ቀን ሙሉውን በነፃ ትሞክሩታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ለግል ተጠቃሚ 60 ዶላር ነው። ከዚህ ሆኖ በዶላር መክፈል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ከሚያስመጣው ጫማ ይልቅ ይህን ፈቃድ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። ምንም መክፈል የማይችል ዌቭፎርም ፍሪን ይውሰድ፤ ነፃ ነው፣ የትራክ ቁጥርም አይገድብም። ክራኩን ተዉት። ከቫይረሱ በላይ የሚያስከፋው፣ በማታውቁት ቀን መሥራት ሲያቆም የሰው ድምፅ ውስጡ መቅረቱ ነው።

ሶፍትዌሩ ውስጥ ከመግባታችን በፊት ስለ ዕቃ ጥቂት ልበል። ሳውንድ ካርድ፣ ማለትም ማይኩን በዩኤስቢ ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያገናኘው ሳጥን፣ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ማይክ መግቢያ ይበቃል። ማይክ ስትገዙ ዳይናሚክ ወይስ ኮንደንሰር የሚለው ያከራክራል። ኮንደንሰር ረቂቁን ሁሉ ይሰማል፤ ችግሩ ወፍጮ ቤቱን፣ ባጃጁን፣ የጎረቤቱን ውሻም አብሮ ይሰማል። 48 ቮልትም ይፈልጋል፣ ሳውንድ ካርዱ ላይ የሚበራ ቁልፍ አለው። ጸጥ ያለ ክፍል ከሌላችሁ ዳይናሚክ ግዙ።

ክፍሉን በተመለከተ፣ የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ እምብዛም አይረዳም፤ ድምፅ የሚውጠው ወፍራምና ልል ነገር ነው። ፍራሽ ግድግዳ ላይ አስደግፉ፣ ከዘፋኙ ጀርባ ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀሉ። ገለባ የሞላ ጆንያ ማዕዘኖቹ ላይ ብታቆሙ ደግሞ ጉርምርምታውን ይቀንስላችኋል፤ የጤፍ አገር ገለባ አይቸግረውም። ባዶ የብሎኬት ክፍል ካላችሁና ዕቃ የሞላበት የጭቃ ቤትም ካለ የጭቃውን ምረጡ። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር መቅዳት አይታሰብም፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ የሚያርፍበትን ሰዓት ጠብቃችሁ ቅዱ፣ ቀሪውን ጊዜ ለሚክስ፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ ለማዋሃድ፣ አድርጉት።

አሁን ሪፐርን ክፈቱ። ኮንትሮልና ፒ ስትጫኑ ፕሪፈረንስ የሚባለው ገጽ ይመጣል። ኦዲዮ ስር ዲቫይስ የሚለውን ግቡና ሲስተሙን አሲዮ (ድምፅ ሳይዘገይ እንዲያልፍ የሚያደርገው መንገድ) አድርጉ። የሳውንድ ካርዳችሁን ድራይቨር (ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ከአምራቹ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ፤ የራሱ ድራይቨር ከሌለው አሲዮ ፎር ኦል የሚባለው ነፃ ድራይቨር ያግዛል። ይህን ሳታደርጉ በዊንዶውስ ተራ ድራይቨር ብትቀዱ ዘፋኙ የራሱን ድምፅ ዘግይቶ ይሰማና ምቱን ይስታል።

የሚዘገይበትን መጠን የሚወስነው በፈር የሚባለው ቁጥር፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ በአንድ ጊዜ የሚይዘው የድምፅ ናሙና ብዛት ነው። ሳምፕል ሬቱን (በሰከንድ የሚወሰደውን ናሙና ብዛት) 48000 ብታደርጉና በፈሩን 256 ላይ ብታስቀምጡ በአንድ አቅጣጫ 5 ሚሊሰከንድ ገደማ ይዘገያል፣ ያን ጆሮ አያውቀውም። 1024 ብታደርጉት 21 ሚሊሰከንድ ይደርሳል፤ እሱ ለዘፋኝ አይመችም። ስለዚህ ስትቀዱ 128 ወይም 256፣ ሚክስ ስታደርጉ 1024። ኮምፒዩተሩ ደክሞ ድምፁ መቆራረጥና መንጫጫት ከጀመረ ቁጥሩን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉት። ሳውንድ ካርዱ ላይ ዳይሬክት ሞኒተር የሚል ቁልፍ ካለ ደግሞ ከነጭራሹ ተገላገላችሁ፤ ድምፁ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ሳይገባ ቀጥታ ጆሮ ይደርሳል። ያን ጊዜ ሪፐር ትራኩ ላይ ያለውን ሞኒተር ማጥፋት ነው፣ አለዚያ ድምፁ ሁለቴ ይሰማል። ሄድፎን በገመድ የሆነ፣ ጆሮን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ይሁን። በብሉቱዝ ሄድፎን አትቅዱ፤ ብሉቱዙ ራሱ ያዘገያል፣ የትኛውም ሴቲንግ አያድነውም።

ቀጥሎ ፕሮጀክቱን ገና ባዶ ሳለ ሴቭ አድርጉት። ሴቭ የሚያደርገው ሳጥን ውስጥ ለፕሮጀክቱ የራሱ ፎልደር እንዲፈጠር የሚያደርግና የድምፅ ፋይሎቹን ሁሉ እዚያ የሚሰበስብ ምልክት አለ፣ ሁለቱንም ምረጡ። አለዚያ ድምፁ አንድ ቦታ፣ ፕሮጀክቱ ሌላ ቦታ ይቀራል፤ በፍላሽ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ስትወስዱት ባዶ ትራክ ይከፈታል። ፕሪፈረንስ ውስጥ ፕሮጀክት የሚለው ስር በየተወሰነ ደቂቃ በራሱ ሴቭ እንዲያደርግ ማዘዝም ይቻላል። 5 ደቂቃ ላይ አድርጉት። መብራት ሲጠፋ ታመሰግኑኛላችሁ። የላፕቶፑ ባትሪ የሞተ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ዩፒኤስ ከአዲስ ማይክ በፊት ይገዛ።

የቀረጻው ጥራት 24 ቢት ይሁን። በ24 ቢትና በ48000 አንድ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ይይዛል፤ 8 ትራክ ያለው የ5 ደቂቃ ዘፈን 350 ሜጋባይት ገደማ ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ ዲስኩን አስቀድማችሁ አጽዱ።

ምቱ ጋ ደረስን። አልትና ኢንተር ስትጫኑ የፕሮጀክት ሴቲንግ ይመጣል። ችክችካ ከሆነ ታይም ሲግኔቸሩን (የምቱን አቆጣጠር) 6/8 አድርጉ። ግሪዱንም (ምቱ የሚሰለፍባቸውን መስመሮች) እንደዚያው በስምንተኛ ኖታ አሰልፉት። 4/4 ላይ እንዳለ ከበሮ ብታስገቡና ሶፍትዌሩ «ላስተካክልልህ» ብሎ ቢያሰልፈው ያ ወደፊት የሚገፋው፣ ትከሻን የሚያነሳው ነገር ይጠፋል፤ እስክስታ የሚወርድ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። 6/8 ላይም ቢሆን ማሰለፊያውን በመቶ መቶ አትልቀቁት። ከበሮ መቺው ሆን ብሎ ጥቂት የሚያስቀድመው ወይም የሚያዘገየው ምት አለ፣ ያን ተዉለት። ሽለላ፣ ፉከራ፣ ቀረርቶ ወይም እንጉርጉሮ ከሆነማ ምት የሚቆጥረውን ሜትሮኖም አጥፉት። የፕሮጀክቱን ታይምቤዝም (ድምፁ ቦታውን የሚይዝበትን መለኪያ) ከቢት (ከምት) ወደ ታይም (ወደ ሰዓት) ቀይሩት፤ ያን ጊዜ በኋላ ቴምፖውን፣ ማለትም የምቱን ፍጥነት፣ ብትነካኩም የተቀዳው ድምፅ ከቦታው አይነቃነቅም።

ቅኝቱ ደግሞ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማሲንቆም ክራርም የሚቃኙት በጆሮና በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው። ኪቦርድ አብሮ የሚገባ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ፦ ወይ ማሲንቆውን ከመጀመሪያው በኪቦርዱ ልክ አስቃኙ፣ ወይ ማሲንቆውን እንዳለ ቀድታችሁ ኪቦርዱን በጥቂት ሴንት (በሁለት አጎራባች የፒያኖ ቁልፎች መካከል ያለው ልዩነት መቶኛ) ከፍ ወይም ዝቅ አድርጋችሁ ወደሱ አምጡት። እኔ ሁለተኛውን እወዳለሁ፤ ዘፋኙ በለመደው ድምፅ ሲዘፍን ነው የሚያምረው። ማሲንቆው የት ላይ እንዳለ ለማየት ትራኩ ላይ ሪያቱን የሚባለውን፣ ከሪፐር ጋር አብሮ የሚመጣውን ፕላግኢን (ሶፍትዌሩ ውስጥ የሚገባ ተጨማሪ መሣሪያ) ጫኑ፤ ድምፁን እየሰማ ኖታውንና ልዩነቱን ያሳያችኋል።

ያው ፕላግኢን ድምፅ ያርማል። እዚህ ላይ ነው ብዙ የአገር ቤት ዘፈን የሚበላሸው። በ12ቱም ድምፅ ክፍት አድርጋችሁ ከለቀቃችሁት የዘፋኙን መንሸራተትና መርገብገብ ቅርብ ወዳለው የፒያኖ ቁልፍ ይወስደዋል፣ ጆሮም «ይሄ ነገር ትዝታ ነው?» ይላል። ኖታዎቹን ራሳችሁ ምረጡ፤ ትዝታ ሜጀር ከሆነ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ይቀሩ፣ ሌላውን አጥፉ። የሚያርምበትን ፍጥነትም አዝግሙት። አንቺ ሆዬና አምባሰል ላይ ደግሞ ጨርሶ ባትጠቀሙበት ይሻላል፤ ያልተስተካከለውን መስመር መልሶ ማስዘፈን ይቀላል። ማሲንቆ ላይ በፍጹም አታድርጉት።

ማይኩን የት እናቁመው? ማሲንቆ ድምፁ ከቆዳው ነው የሚወጣው፤ ማይኩን ከቆዳው ፊት 30 ሴንቲሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ፣ ከደጋኑ ወዲያ ዘወር አድርጉት፤ አለዚያ የፀጉሩ ፍግታ ከዜማው ይበልጣል። ዋሽንት አፉ ላይ ትንፋሽ ብቻ ነው የምታገኙት፣ ማይኩ ወደ ጣቶቹ ይመልከት። በገና ድምፁ ዝቅ ያለ፣ የሚነዝር ነው፤ ቀረብ አድርጋችሁ ጸጥ ባለ ሌሊት ቅዱት። ከበሮን በአንድ ማይክ ከሆነ አንድ ሜትር ራቁለት። ለዘፋኝ ከሽቦ ክብ ሠርታችሁ ስስ ስቶኪንግ ወጥሩበትና በማይኩና በአፉ መካከል አቁሙት፣ «ጰ» እና «ፐ» ሲል አይፈነዳም።

የድምፅ መጠኑን ስትሞክሩ ዘፋኙን ከዘፈኑ ከፍ ያለውን ቦታ አስጩኹት። ሙከራ ላይ ሁሉም ሰው ለስላሳ ነው፤ ፉከራ ውስጥ ሲገባ ግን እጥፍ ይሆናል፣ ድምፁም ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀውን ደግሞ ምንም ፕላግኢን አይመልሰውም። ጫፉ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል መካከል ይቁም። 24 ቢት ስለሆነ ዝቅ ብሎ መቀዳቱ አይጎዳም። ከበስተጀርባ «እዝዝ» የሚል ነገር ከሰማችሁ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ቅዱ፤ የመብራታችን 50 ኸርዝ ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል ነው የሚገባው።

ሲያልቅ ዋናውን ቅጂ በ24 ቢት ዌቭ አውጡ፣ ለስልክ የሚሆን ኤምፒ3 ደግሞ በ320 ኪሎቢት። ድምፁ እንዲጮኽ ብላችሁ አትጨፍልቁት፤ ዩቲዩብ ከ-14 ላፍስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) በላይ የሚጮኸውን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል፣ ለእናንተ የሚተርፈው የተጨፈለቀው ብቻ ነው። በቴሌግራም ስትልኩም በቮይስ ሳይሆን በፋይል ላኩ። ሙሉውን ፎልደር ፍላሽ ላይ ገልብጡ፤ ፍላሹንም ከላፕቶፑ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጡት።