የዳይፐር ሽፍታ አልለቅ ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

ዳይፐር ቶሎ ቶሎ መቀየር እንዳለበት የማያውቅ ወላጅ ስለሌለ እሱን አልደግምም። እኛ ጋ የሚመጡት ሕፃናት ቸል የተባሉ አይደሉም፤ አብዛኞቹ ቅባት በቅባት ላይ የተደራረበባቸው ናቸው። ቅባቱን ከመክፈታችሁ በፊት ሕፃኑን በጀርባው አስተኙና ብሽሽቱን ገልጣችሁ እዩ። መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ቂጡና ጭኑ ቀልቶ ብሽሽቱ ውስጥ ንጹሕ ከሆነ

ምክንያቱ እርጥበትና ፍትጊያ ነው። ሽንትና ሰገራ ሲገናኙ አሞኒያ ይፈጠራል፤ አሞኒያው ደግሞ ሰገራ ውስጥ የቀሩትን ምግብ ፈጪ ኢንዛይሞች ያነቃቸዋል። ቆዳውን የሚበሉት እነሱ ናቸው፤ ተቅማጥ ሲመጣ የሚብሰውም ለዚህ ነው።

ለብ ባለ ውሃ አጥቡ፣ ሳትፈትጉ በለስላሳ ጨርቅ አድርቁ፣ ትንሽ ያለ ዳይፐር ይቆይ። ከዚያ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ቅባት ቆዳው እስከማይታይ ድረስ አወፍራችሁ ቀቡ። እርጥብ ቆዳ ላይ አትቀቡ፤ ውሃውን ታፍኑበታላችሁ። በሚቀጥለው ቅያሪ የቆሸሸውን የላይኛውን ብቻ አንሡ። ነጩ ቅባት እስኪጠፋ የምትፍቁ ወላጆች፣ እባካችሁ ተዉ! አብሮ የሚነሣው እየዳነ ያለው ቆዳ ነው። በ2 ወይም በ3 ቀን ለውጥ ካልታየ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ብሽሽቱ ውስጥ ከገባ፣ ዙሪያውንም ነጠብጣብ ካለ

ደጋግሞ የሚመጣብን ይሄ ነው። ቅላቱ ደማቅ ነው፣ ጠርዙ ይታወቃል፣ ከጠርዙ ወጣ ብለው ትንንሽ ቀይ ነጠብጣቦች ይበተናሉ። ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ይመቸዋል። ዚንክ ብቻውን አይገድለውም።

አንዲት እናት አንድ ከረጢት ቅባት ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋልን ነበር። ስማቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም ዚንክ ናቸው። «በቅርቡ መድኃኒት ወስዷል?» ስንላት ለጆሮው አንቲባዮቲክ ሽሮፕ መጨረሱን ነገረችን። አንቲባዮቲክ ፈንገሱን የሚገቱትን ባክቴሪያዎችም ስለሚገድል ሽፍታው ብዙ ጊዜ ከሽሮፑ ኋላ ይከተላል። አፉን ስናየው ምላሱ ላይ ሲጠረግ የማይለቅ ነጭ ነገር አለ። አፉም አብሮ መታከም ነበረበት።

ሌላ አባት ይዞ የመጣው ስቴሮይድ (ቅላትና ማሳከክ የሚያበርድ መድኃኒት) የተቀላቀለበት ቅባት ነው። ቀዩ በሁለተኛው ቀን ፈዘዘለት፤ ከዚያ ሰፍቶ ተመለሰ። ስቴሮይዱ ቅላቱን ይደብቃል እንጂ ፈንገሱን አይነካውም፤ ዳይፐር ሲታፈንበት ደግሞ ከሚገባው በላይ ወደ ሰውነት ይሰርጋል። ሕፃኑን ሳያዩ እንዲህ ያለ ቅባት ቆንጥረው የሚሰጡ ሻጮች ያናድዱኛል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዳይፐር ሥር ስቴሮይድ አታስገቡ።

መፍትሔው ኒስታቲን ወይም ክሎትሪማዞል የሚባለው የፈንገስ ቅባት ነው፤ በታዘዘው መጠን፣ ስስ አድርጋችሁ፣ ብሽሽቱ ውስጥም ነጠብጣቦቹ ላይም። ዚንኩ ከላዩ ይደረባል፤ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። ቆዳው የጠራ ሲመስል አታቋርጡ፤ ባለሙያው እስከነገራችሁ ቀን ቀጥሉ። ከእያንዳንዱ ቅያሪ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

የዳይፐሩ ላስቲክ የሚነካው ቦታ ብቻ ከቀላ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል የዳይፐሩን ዓይነት ቀይሩ። በፊንጢጣው ዙሪያ ብቻ ደማቅ ቀይ ቀለበት ካለና ሰገራ ሲያስወጣ ካለቀሰ ባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። የጨርቅ ዳይፐር ከሆነ ሳሙናው በደንብ ይለቅለቅ፣ የላስቲክ ሱሪም አይደረብበት።

ፓውደር አትነስንሱ፤ ብናኙ ወደ ሳንባው ይገባል። ቦሪክ አሲድ ያለበትን ነገር በፍጹም አታስነኩት፤ በተላጠ ቆዳ ሰርጎ ይመርዛል። አልኮልና ሽቶ ያለበትን መጥረጊያም ተዉት።

ትኩሳት፣ ውሃ የቋጠረ ነገር፣ መግል ወይም ደም ካለ፣ ወይም ልጁ ገና የጥቂት ሳምንት ከሆነ ቤት ውስጥ አትሞክሩ። ወደ ሐኪም ስትሄዱ ቆዳው እንዲታይ ምንም ሳትቀቡ ሂዱ፤ እስካሁን የቀባችሁትን ሁሉ ግን ይዛችሁ።