ቁልፉን ከማንሳታችሁ በፊት

ባለፈው ዓመት ልጄን ትምህርት ቤት የማደርሳት በመኪና ነበር። ከቤታችን እስከ በሩ 1.4 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመኪናው ቆጣሪ ለክቼዋለሁ። ለዚች መንገድ ጠዋት ጠዋት ሃያ ደቂቃ ትፈጅብኝ ነበር። መንዳቱ አምስት ደቂቃ ነው። የቀረው በሩ ላይ መገፋፋት፣ ጥሩምባ፣ "ትንሽ ጠጋ በል እንጂ" መባባል ነው።

አንድ ቀን አወረድኳትና ለመዞር የኋላ ማርሽ አስገባሁ። በመስታወት አየሁ፤ ማንም የለም። እግሬን ከፍሬኑ ሳነሳ ጥበቃው ጋሼ የመኪናውን ጣሪያ በመዳፋቸው ደበደቡት። ወረድኩ። አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ ከኋላ ጎማዬ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። ቀና ብሎ አየኝና "ጨረስኩ፣ ጨረስኩ" አለኝ፤ መንገድ የዘጋብኝ መስሎት። ጋሼ ምንም አላሉኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪና የምናወጣው "መንገዱ ለልጅ አያስተማምንም" ብለን ነው። እዚያ በር ላይ ግን ልጅ የሚያስፈራው መኪና የኔና የመሰሎቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእግር ነው የምንሄደው፤ በመኪና የምንሄድባቸው ቀናትም አሉ። እንዴት እንደምለያቸው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ መንገዱን ያለ ልጅ ሂዱት። እሁድ ሳይሆን በትምህርት ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ። በእሁድ ጅማ ተታላችሁ የሰኞዋን ጅማ እንዳትገምቱ። የእግረኛ መንገዱ የት ላይ እንደሚቋረጥ፣ የት ላይ የአሸዋ ክምር ወይም የሱቅ ዕቃ እንደያዘው፣ ክዳኑ የተነሳ ቦይ የት እንዳለ እዩ። እኔ ሁለት መንገድ ሞከርኩ። አጭሩ ዋናውን አስፋልት ይዞ ይሄዳል፤ ዛፉ ጥላ ነው፣ ደስ ይላል፤ ግን ሁለት ቦታ መሻገር አለ። ረጅሙ በውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ነው፤ አራት ደቂቃ ይጨምራል፣ የሚሻገሩት ግን አንዴ ብቻ ነው። ኮብልስቶን ላይ ባጃጅም እንደ ልቡ አይበርም፤ ያንገጫግጨዋል። ረጅሙን መረጥኩ። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ግራችሁን ይዛችሁ፣ ከፊት የሚመጣውን መኪና እያያችሁ ሂዱ።

ማቋረጫውን በተመለከተ ትንሽ ሒሳብ ሥሩ፤ እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። አስፋልቱ ሰባት ሜትር ቢሰፋና ልጅ በሰከንድ አንድ ሜትር ብትራመድ፣ ለመሻገር ሰባት ሰከንድ ይፈጅባታል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰባት ሰከንድ 97 ሜትር ይመጣል። የኳስ ሜዳ ርዝመት በሉት። በ30 ከሆነ 58 ሜትር ነው። ስለዚህ ዜብራው ጋ ቆማችሁ በሁለቱም በኩል መቶ ሜትር ያህል ይታያችሁ እንደሆነ እዩ። ጥምዝ ወይም የቆመ አይሱዙ ከከለላችሁ፣ ዜብራ ቢኖርም ለልጅ አይሆንም። ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ቀጥሎ ከልጅ ጋር ሂዱ። ሦስት ቀን እጇን ይዤ እየለፈለፍኩ ወሰድኳት። ግራ እይ፣ ቀኝ እይ፣ እንደገና ግራ። በአራተኛው ቀን "ዛሬ የምትወስጂኝ አንቺ ነሽ" አልኳት። ጉድ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ግራና ቀኝ ማየቱን አልረሳችም፤ አንገቷን እንደ ዶሮ ታዞራለች። ግን እያየች አይደለም፤ እያዞረች ነው። ባጃጅ እየመጣ እግሯን አነሳች። "ምን አየሽ?" ስላት "ግራና ቀኝ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ጥያቄዬን ቀየርኩ። "የሚመጣው ምን ዓይነት መኪና ነው? ቀለሙስ?" እላታለሁ። ለመመለስ የግድ ማየት አለባት።

ሁለት ነገር ደግሞ ደጋግማችሁ ንገሯቸው። አንደኛው፣ ከቆመ ባጃጅ ጀርባ ብቅ ማለት የለም። ባጃጁ ሰው ሲያወርድ ሌላው በጎኑ ቀድሞ ያልፋል። ሁለተኛው፣ ጆሮን አለማመን ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪኩ እየበዛ ነው፤ ቀስ ሲል ድምፁ አይሰማም። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ደንግጫለሁ።

ትንንሾች የመኪና ፍጥነት መገመት ይቸግራቸዋል፤ ቢገባቸውም ጓደኛ ከማዶ ሲጠራቸው ይረሱታል። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። እስከ አምስተኛ ክፍል ብቻዋን አላሻግራትም፤ ቅር ቢላትም።

"ሥራ አለኝ፣ በየቀኑ በእግር ማን ይወስዳል?" ትሉ ይሆናል። እኛ ሰፈር እንደ ዕቁብ ተራ አወጣን። አምስት ቤት፣ ሰባት ልጅ፣ በሳምንት ለየቤቱ አንድ ቀን። የወጣበት ሰው ጠዋት ያደርሳል፣ ምሳ ሰዓት ያመላልሳል፣ ማታ ይመልሳል። አንዱ ጎረቤቴ ዓርብ ደርሶት ነበር፤ ቀትር ላይ ጁምዓ ስላለበት ከኔ ሐሙስ ጋር እንቀያየር አልኩት። እምቢ አለ፤ የገበያ ቀን ስለሆነ ሐሙስን ማን ይወዳል? ከሰኞዋ እናት ጋር አስማማነው። ሕጋችን አንድ ነው፦ ያልተመቸው ሰው ተተኪውን ራሱ ይፈልጋል። "ረሳሁት" የሚባል ነገር የለም። እስካሁን አንዴ ተረስቷል፤ ረሺው ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ባለቤቴ ታውቃለች።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነትን የሚያንቀሳቅስ ነገር ይመክራል። የኛዎቹ ፈጠን ብለው ሲመላለሱ ብዙውን ይሞሉታል። ወሬውም ሌላ ነው። መኪና ውስጥ "ትምህርት እንዴት ነበር?" ስላት "ጥሩ" ብላ ትዘጋኝ ነበር። አሁን ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን እርሳስ እንደሰረቀ ሳልጠይቅ እሰማለሁ።

አሁን ወደ ዝናቡ። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብባት ከተማ ናት፤ ዝናብ ጠብቆ በመኪና እሄዳለሁ የሚል ሰው ግማሹን ዓመት ከመኪና አይወርድም። ቦቲ አልብሷቸው፣ ጫማውን በፌስታል ቦርሳ ውስጥ ክተቱ፣ ደብተሩንም እንዲሁ። ጃንጥላ ለልጅ አልመክርም፤ ወደ ፊት ዘንበል ስታደርገው መንገዱን ይከልላታል። ባለኮፍያ የዝናብ ልብስ፣ ቢጫ ወይም ቀይ፣ ይሻላል። ኮፍያው ግን ጎን ለጎን እንዳታይ ከከለከላት ስትሻገር ታውልቀው፤ ፀጉሯ ይርጠብ። ውሃው መንገድ ላይ ወጥቶ ቦዩና አስፋልቱ ሳይለይ ሲቀር ግን መኪናውን አውጡ። ያን ቀን እኔም አልኮራም።

ቤታችሁ ሩቅ ከሆነም መንዳት ነውር አይደለም። በሩ ድረስ አትሂዱ እንጂ። ከ300 ሜትር ገደማ ቀድማችሁ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ አቁሙ፣ ልጁን በእግረኛው በኩል አውርዱ፣ የቀረውን አብራችሁ ተራመዱ። ስትመለሱ የኋላ ማርሽ የማይጠይቅ ቦታ ይሁን። ኮንትራት ባጃጅ ከያዛችሁ ደግሞ አንድ ጠዋት ሳትናገሩ መንገድ ላይ ቆማችሁ ልጆቹን ቁጠሩ። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠ ልጅ ካለ ተነጋገሩ፤ ካልሰማ ቀይሩት።

ሰው ማውራቱ አይቀርም። "መኪና በር ላይ አቁሞ ልጁን በጭቃ ያስኬዳል" ተብያለሁ። ነዳጅ ጨርሷል ያሉም አሉ። እኔ የሚያሳስበኝ ጦጣው ነው። አንድ ጠዋት ዛፍ ላይ የነበረ ጦጣ ወርዶ የትንሹን ሙዝ ከእጁ መንጭቆ ሄደ፤ ልጁ እስከ ክፍሉ እያለቀሰ ገባ። ሙዝ ቦርሳ ውስጥ ይሁን።

ሐሙስን ለብቻው ያዙት። ትልቁ የገበያ ቀን ነው። ጋሪው፣ የተጫነ አህያው፣ ከገጠር የሚገባው ሰው ገና በጠዋት መንገዱን ይሞላዋል፤ በቡና ወቅት ደግሞ ጭነት መኪናው ይጨመራል። ያን ቀን ትንንሾቹ መሐል፣ ትልልቆቹ ዳር ሆነው፣ አንድ ሰው ከፊት አንድ ሰው ከኋላ ይሄዳል። ለዚህ ነው ሐሙስ ከባለተራው ሌላ አንድ ሰው የሚጨመረው።

ነገ ሐሙስ ነው። ከፊት እኔ ነኝ፣ ከኋላ የጎረቤቴ እናት። አሥር ደቂቃ ቀድመን እንወጣለን፤ ቦቲዎቹ በር ላይ ተደርድረዋል።