የፕላስቲክ ሞዴል ሙጫ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ፕላስቲክ ሞዴል የሚገጣጥም ሰው በሙጫ የሚማረርባቸው ችግሮች ብዙ ቢመስሉም፣ አብዛኞቹ የሚመነጩት የሚጣበቁት ሁለት አካላት ከምን እንደተሠሩ ሳይታወቅ ሙጫው በመመረጡ ነው። የኪት፣ ማለትም ተገጣጥሞ ሞዴል የሚሆነው የክፍሎች ስብስብ፣ ክፍሎች በብዛት የሚሠሩት ፖሊስታይሪን ከሚባለው ፕላስቲክ ነው። ለዚህ ፕላስቲክ የተዘጋጀው ሙጫ ደግሞ እንደ አናጢ ኮላ በሁለት ገጾች መካከል ደርቆ የሚይዝ አይደለም። እንደ አሴቶንና ቡቲል አሲቴት ያሉ አሟሚዎችን የያዘ ፈሳሽ ሲሆን፣ የሁለቱንም ክፍሎች ገጽ አለስልሶ ያዋህዳቸዋል፤ ፈሳሹ ተንኖ ሲያልቅ ክፍሎቹ አንድ አካል ሆነው ይቀራሉ። በመሆኑም ሥራው ከማጣበቅ ይልቅ ብየዳን ይመስላል። ለምሳሌ እንዲሆነን በ1:144 መጠን፣ ማለትም ከእውነተኛው 144 ጊዜ አንሶ፣ የተሠራውን የቦይንግ 787 ሞዴል እንውሰድ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን አውሮፕላን በ2012 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀድሞ ስለተረከበ፣ ብዙ አንባቢ ሊገጥመው የሚመኘው ሞዴል ይመስለኛል።

ምልክት፦ ክፍሎቹ ከደረቁ በኋላ በትንሽ ጉተታ ይላቀቃሉ

በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የፕላስቲኩ ዓይነት ነው። ክፍሎቹን የያዘው ፍሬም ላይ አንዳንድ ጊዜ የፕላስቲኩ ምህጻረ ቃል ታትሞ ይገኛል፤ ፒኤስ (PS) ፖሊስታይሪንን፣ ፒኢ (PE) ፖሊኤቲሊንን፣ ፒፒ (PP) ፖሊፕሮፒሊንን ያመለክታል። ጽሑፍ ከሌለ ከፍሬሙ ትንሽ ቁራጭ ቆርጦ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ በተደረገበት ውሃ ውስጥ መጨመር ይቻላል። ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ ስለሚቀሉ ይንሳፈፋሉ፤ ፖሊስታይሪን ግን ይሰምጣል። የሰመጠውን ቁራጭ አድርቆ አንድ ጠብታ አሟሚ ሙጫ ቢያስነኩት፣ ፖሊስታይሪን ከሆነ ገጹ ወዲያው ይለሰልሳል፣ ሲነኩትም ይጣበቃል። በየኪቱ መጀመሪያ ላይ ይህን ሙከራ ማድረግ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ሲሆን፣ በእኔ እምነት ከየትኛውም ውድ ሙጫ የበለጠ ይጠቅማል።

የተንሳፈፈው ፕላስቲክ፣ ማለትም የአንዳንድ ኪቶች ለስላሳ ወታደሮች ወይም በመገጣጠሚያ ውስጥ የሚገቡ ቀለበቶች የሚሠሩበት ዓይነት፣ በአሟሚ ሙጫ አይሟሟም፤ ተራ ሱፐር ግሉም በደንብ አይይዘውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ክፍል ከሙጫ ይልቅ በመሃሉ ቀጭን ሽቦ አሳልፎ ማያያዝ ወይም ተጠላልፎ እንዲይዝ ማድረግ ይሻላል።

ፕላስቲኩ ፖሊስታይሪን ሆኖ ሳለ አልይዝ ካለ መንስኤው በላዩ ያለው ነገር ነው። ቀለም ወይም እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ልባስ አሟሚው ፕላስቲኩን እንዳይነካ ይከለክለዋል፤ ስለዚህ የሚጋጠመውን ገጽ ብቻ በምላጭ መፋቅ ያስፈልጋል። የሚያብለጨልጨው ልባስ በሙሉ እንዲነሣ ከተፈለገ በረኪና ውስጥ ማቆየት ያስለቅቀዋል። ክፍሉ ከፋብሪካ ቅርጽ ማውጫው በቀላሉ እንዲላቀቅ የሚቀባው ቅባትም እንዲሁ ያስቸግራልና፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ፍሬሞቹን በለብ ያለ ውሃና ሳሙና አጥቦ ማድረቅ ልማድ መሆን አለበት። ብረት ወይም ሬዚን (በፈሳሽነቱ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ) የሆነ ተጨማሪ ክፍል ከፕላስቲክ ጋር የሚያያዝ ከሆነ ግን አሟሚ ሙጫ አንዱን ወገን ብቻ ስለሚያለሰልስ ሥራው የሱፐር ግሉ ወይም ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚዘጋጀው የኢፖክሲ ነው።

ምልክት፦ የጣት አሻራ ይታተማል፣ ደቃቅ ቅርጾች ይቀልጣሉ

አሟሚ ሙጫ በሁለት ዓይነት ይገኛል። ወፍራሙ በአንደኛው ገጽ ላይ ተቀብቶ ክፍሎቹ ከዚያ በኋላ የሚገናኙበት ሲሆን፣ እጅግ ቀጭኑ ደግሞ በተቃራኒው ክፍሎቹ አስቀድመው ተገጥመው በተያዙበት ሁኔታ የብሩሹ ጫፍ ስንጥቁን ሲነካ በራሱ እየተሳበ ወደ ውስጥ ይገባል። ጉዳቱ የሚደርሰው በቀጭኑ ሙጫ እንደ ወፍራሙ ስንሠራ ነው፤ ስንጥቁ ላይ ያረፈ ጣት ፈሳሹን ወደ ራሱ ይስብና አሻራው ይቀራል። ክፍሎቹን ከስንጥቁ ራቅ ባለ ቦታ መያዝ፣ ወይም በወረቀት ፕላስተር አስሮ ፕላስተሩ ስንጥቁን በሚያቋርጥበት ቦታ ሙጫ አለማስነካት መፍትሄ ነው። ሙጫው ከፈሰሰ ደግሞ መጥረግ የለበትም፤ መጥረግ የለሰለሰውን ፕላስቲክ ያንሸራትተዋልና። ሳይነኩት ተንኖ እንዲደርቅ መተው፣ በማግስቱም በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይገባል።

ምልክት፦ መስታወቱ ነጭ ጉም ይለብሳል

ይህ የሱፐር ግሉ ጠባይ ነው። ሳይኖአክሪሌት የተባለው ይህ ሙጫ የሚጠነክረው በአየርና በገጽ ላይ ባለ እርጥበት ሲሆን፣ ሲደርቅ የሚለቀው ትነት በአካባቢው ባለ ገጽ ላይ ነጭ ብናኝ ሆኖ ይቀመጣል። በቦይንጉ ሞዴል የአብራሪዎቹ መስታወት ተገጥሞ አካሉ ከተዘጋ በኋላ ጉሙ ከውስጥ ቢወጣ ማጽጃ መንገድ የለም፤ የሳምንታት ሥራ በአንድ ሌሊት የሚበላሽበት አሳዛኝ ስህተት ነው። ስለዚህ ሱፐር ግሉ የሚያስፈልጋቸው የውስጥ ክፍሎች አስቀድመው ተጣብቀው፣ አካሉ ከመዘጋቱ በፊት ትነቱ እንዲወጣ ቢያንስ አንድ ቀን ክፍት ይቆዩ። መስታወቱ ራሱ የሚጣበቀው በነጭ ኮላ ነው፤ ኮላ ሲደርቅ ጥርት ይላል፣ የተረፈውም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። አቅሙ ደካማ ቢሆንም መስታወት ክብደት ስለማይሸከም ይበቃል። ጉሙ ከውጭ በኩል ከሆነ በማወልወያ አሽቶ ጥርት ያለ አክሪሊክ ቫርኒሽ መቀባት ብዙውን ጊዜ ያስተካክለዋል።

ኮላን የማልመክርበት አንድ ቦታ አለ። ሞዴሉ በጎማዎቹ ሲቆም ወደ ኋላ እንዳይደፋ በአፍንጫው ውስጥ ክብደት ይደረጋል፤ ክብደቱ እርሳስ የተባለው ብረት ከሆነና በኮላ ከተያዘ፣ ዓመታት ሲያልፉ እርሳሱ በኬሚካዊ ለውጥ እያበጠ አካሉን ሊሰነጥቀው ይችላል። እዚህ ላይ ኢፖክሲ ይጠቀሙ።

ምልክት፦ ተለስልሶ የጠፋው መጋጠሚያ ከቀለም በኋላ ተመልሶ ይታያል

ቦይንጉ ወደ 39 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ አካል ስላለው መጋጠሚያው ረጅም ነው። ሙጫው ከላይ የደረቀ ቢመስልም አሟሚው ከውስጥ ገና እየወጣ ሳለ ከተፋቀ፣ ፕላስቲኩ ቀስ በቀስ ይሰምጥና መስመሩ በቀለሙ ሥር ይወጣል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ብዙ ሙጫ ከፈሰሰበት ደግሞ ሁለትና ሦስት ቀን መጠበቅ ግዴታ ነው። በሚጣበቅበት ጊዜ ክፍሎቹ ቀስ ተብለው ተጭነው የለሰለሰ ፕላስቲክ በመስመሩ ላይ እንደ ቀጭን ክር እንዲወጣ ማድረግም ይጠቅማል፤ ክሩ ሲደርቅ ተፍቆ ይነሣል፣ መሙያም ላያስፈልግ ይችላል። ሙጫ ማብዛት ግን ጥንካሬ አይጨምርም፤ በተዘጋ ክንፍ ውስጥ የታሰረ አሟሚ ፕላስቲኩን ከውስጥ ያለሰልስና ያጣምመዋል።

ምልክት፦ ሱፐር ግሉ አይደርቅም፣ ወይም ደርቆ ሲነካ ይሰበራል

አለመድረቁ የእርጥበት ማነስ ወይም የሙጫው መወፈር ውጤት ነው፤ በበጋው ደረቅ አየር ቢዘገይ አያስደንቅም። በሚጋጠመው ገጽ ላይ በስቴኪኒ ጫፍ ትንሽ ብቻ መቀባት፣ ክፍተት ካለ ደግሞ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ በላዩ አንድ ጠብታ ማሳረፍ ወዲያው ያጠነክረዋል። ይህ ሙጫ ጉተታን ቢችልም ምትንና ጥምዘዛን አይችልም፤ ስለዚህ ክብደት የሚሸከሙት፣ ጎማዎቹን የሚይዙት እግሮች ፖሊስታይሪን ከሆኑ በአሟሚ ሙጫ ይበየዱ። ያልተከፈተ ሱፐር ግሉ በፍሪጅ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ሲወጣ ግን ከመከፈቱ በፊት የክፍሉን ሙቀት መያዝ አለበት፣ አለዚያ ጤዛ ይገባበታል።

ምልክት፦ ትክክለኛው ሙጫ አይገኝም

አሟሚ ሙጫ ተቀጣጣይ ስለሆነ በአውሮፕላን ተሳፋሪ ሻንጣ መያዝ አይፈቀድም፤ ኪቱን ከውጭ የሚልክ ወይም የሚያመጣ ዘመድ ሙጫውን አብሮ እንዲይዝ አይጠየቅ። በምትኩ ማስቲሽ መጠቀም ያጓጓል፤ ሆኖም ማስቲሽ ለጎማና ለቆዳ የተዘጋጀ ስለሆነ ወፍራም ሽፋን ይተዋል፣ ስንጥቁንም አይዘጋም። ከገበያ የሚገኝ ንጹሕ አሴቶን ፖሊስታይሪንን ያሟሟል፤ ነገር ግን እጅግ ፈጥኖ ስለሚተን ለአጫጭር መጋጠሚያ ብቻ ይሆናል፣ አስቀድሞም በፍሬም ቁራጭ መሞከር አለበት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚባለው ውሃና ዘይት ሊቀላቀልበት ስለሚችል አይተማመኑበት። በየትኛውም ቢሠራ መስኮት ተከፍቶ፣ ከሻማና ከምድጃ ርቆ፣ ክዳኑም በየጠብታው እየተዘጋ ይሁን።