የጃኬት ገመድና ስቶፐር፦ ማጥበቅ፣ ማላላትና ጥገና

የዝናብና የነፋስ ጃኬት የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ኮፍያውና ታችኛው ጠርዙ ካልገጠመ ብርዱ ሰተት ብሎ ይገባል። ይህን ክፍተት የሚዘጋው በጠርዙ እጥፋት ውስጥ የሚያልፈው ላስቲክ ገመድ ነው፤ ገመዱን ነክሶ የሚይዘው ደግሞ ባለ ሞላው ፕላስቲክ፣ ስቶፐሩ ነው።

በኮፍያው እንጀምር፤ ቅደም ተከተል የሚፈልገው እሱ ነው። ዚፑን መጀመሪያ እስከ አገጭ ይዝጉ፤ ዚፑ ክፍት ሆኖ የተስተካከለ ኮፍያ ሲዘጋ ልኩ ይለወጣል። ቀጥሎ ከማጅራት ከፍ ብሎ ያለውን የኋላ ገመድ ይሳቡ። የኮፍያውን ጥልቀት የሚቀንሰውና የፊቱን ክዳን ከዓይን ላይ የሚያነሳው እሱ ነው። የፊቶቹን ሁለት ገመዶች በመጨረሻ፣ ግራና ቀኙን እኩል አድርገው ያጥብቁ። አሁን አንገትዎን ወደ ጎን ያዙሩ፤ የሚታይዎት መንገዱ ሳይሆን የኮፍያው ገበር ከሆነ የኋላው ገና ላልቷል። መኪና በሚበዛበት መንገድ ለሚሄድ ሰው ይህ ከብርዱም የሚብስ ጉዳይ ነው።

ለታችኛው ጠርዝ ጃኬቱን ዳሌ ላይ ጎትተው ካስቀመጡ በኋላ ስቶፐሩን በአንድ እጅ ይዘው ገመዱን በሌላው ይሳቡ። ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይበቃል። እጅዎን ወደ ላይ ሲያነሱ ጃኬቱ ወደ ወገብ ሸሽቶ እዚያው ከቀረ ከልክ በላይ ጠብቋል። እንደ ሰሜን ተራሮች ባለ ከፍታ ቦታ ሲጓዙ አቀበቱ ላይ ያላሉት፣ ቆም ሲሉ ያጥብቁት፤ አቀበት ላይ የታፈነ ላብ ነፋስ ሲያገኘው ያንዘፈዝፋል።

ሲያላሉ ስቶፐሩን ተጭነው ጨርቁን ይሳቡ። ገመዱን ከሳቡ መልሶ ይጠብቃል። በአንዳንድ አዳዲስ ጃኬቶች ላይ ስቶፐሩ በጨርቁ ውስጥ የተሰፋ ስለሆነ አይታይም፤ በጣት ዳብሰው ጠንካራዋን ነገር ካገኙ በኋላ ከነጨርቁ ቆንጥጠው ይጫኑ። ተርፎ የተንጠለጠለ ገመድ በአውቶቡስ በር ወይም በቅርንጫፍ ሊያዝ ስለሚችል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ኪስ ይክተቱት።

ስቶፐሩ እየለቀቀ ካስቸገረ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ አሸዋና አቧራ ገብቶበታል፣ ሞላው ዝጎ ደክሟል፣ ወይም ገመዱ ተልጦ ቀጥኗል። መጀመሪያ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ውስጥ ነክረው ደጋግመው ይጫኑት፤ አቧራ ከሆነ በዚህ ይስተካከላል። ካልሆነ ስቶፐሩን ይቀይሩ፤ ቀዳዳው ለገመዱ ውፍረት የሚመጥን ይሁን። መንገድ ላይ ከተበላሸ ከስቶፐሩ አጠገብ በአንድ ጉተታ የሚፈታ ቋጠሮ ይሰሩ። የማይፈታ ቋጠሮ አይቋጥሩ፤ በቀዘቀዘ ጣት መፍታት ጭንቅ ነው።

ሰልቫጅ ተራ የሚገዛ ጃኬት ላይ ደግሞ የተለመደው ችግር ላስቲኩ ሞቶ ገመዱ አለመሰብሰቡ ነው። ለመቀየር ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ላስቲክ ገመድ ብዙውን ጊዜ ይስማማል። የጫማ ክር ግን አይሆንም፤ አይለጠጥም፣ የጥጥ ከሆነም ሲርስ ያብጥና ስቶፐሩ ውስጥ ይቀረቀራል። ጠርዙን ሙሉ በሙሉ ዘርግተው ገመዱ ከተሰፋበት ጫፍ እስከ ጫፍ ይለኩና 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምሩ። አሮጌውን ገመድ ቀድመው አያውጡት፤ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። የአዲሱን ጫፍ ከአሮጌው ጫፍ ጋር አፍ ለአፍ በመርፌና ክር ያያይዙ፣ መጋጠሚያውን በስስ ፕላስተር ይጠቅልሉ፣ ከዚያ አሮጌውን በሌላው በኩል ቀስ እያሉ ይሳቡ። መጋጠሚያው ከወፈረ እጥፋቱ ውስጥ ይያዛል። አሮጌው ገመድ ቀድሞ ወጥቶ ከሆነ ትንሽ መርፌ ቁልፍ ጫፉ ላይ ሰክተው ይዝጉና ጨርቁን እየሰበሰቡ ይግፉት፤ የቀረውን ጫፍ ተከትሎ እንዳይገባ ቋጥረው ይያዙት። ገመዱን ስቶፐር ውስጥ ለማስገባት ጫፉን በፕላስተር አጥብቀው በሰያፍ ይቁረጡት፤ ስቶፐሩን ተጭነው ሲገፉት በቀላሉ ያልፋል። በመጨረሻ ፕላስተሩን አውጥተው የተተረተረውን ጫፍ በላይተር ለአፍታ ብቻ ያቅልጡ፤ ከቆየ ውስጡ ያለው ላስቲክ ይቃጠላል።

ጃኬቱን ሲያጥቡም ሲሰቅሉም ገመዶቹን ሁሉ ያላሉ፤ ተወጥሮ የከረመ ላስቲክ ቶሎ ይሞታል።

የልጆች ጃኬት ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ከኮፍያና ከአንገት ገመዱን ሙሉ በሙሉ ያውጡ፤ በመጫወቻ ስፍራ ሸርተቴ ላይ ተይዞ ልጆችን አንቆ ገድሏል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 መመሪያ ያወጣው፣ በ2011 ደግሞ ደንብ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። በአውሮፓም ኢኤን 14682 የተባለው መስፈርት ከ7 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ልብስ ይህንኑ ይከለክላል። የወገቡ ገመድ ካስፈለገ ጃኬቱ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ከ75 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውጭ አይውጣ፣ ጫፉ ላይ ስቶፐርም ቋጠሮም አይኑር፣ ተስቦ እንዳይወጣም ጀርባው መሃል ላይ በስፌት ያጥብቁት።